ከማንኪያው በፊት ዓሣውን እንወቅ

የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት በጸደይ ዕረፍት ለአንድ ሳምንት ይዘጋል። ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ፣ ገንዘብ ያለው ወደ ባሕር ዳርቻ ሲሄድ፣ ሁለቱም የሌለን አራት የማኅበራችን አባሎች ከአንድ ከረጢት ሩዝና ከጥቂት ምስር ጋር በመኝታ ቤት ቀረን። ወራቱም ዐቢይ ጾም ነበረ። ከመካከላችን አንዱ፣ «ሐይቁ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ሳለ በሩዝ ብቻ የምንሰነብተው ስለ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር ወዲያው ተነሣ። እኛ ግን ይህን ለሊቃውንቱ ትተን፣ ገና ባልተያዘ ዓሣ መከራከር ከንቱ መሆኑን ተስማምተን ተነሣን።

በዚያው ቀን የሁለት ሳምንት የምግብ ገንዘባችንን አውጥተን፣ በወረቀት ላይ ተሰክተው እንደ ጌጥ የሚያብረቀርቁ አሥራ ሁለት የብረት ማባበያዎች ገዛን። ማባበያ ስንል እንደ ትል የማይበላውን፣ ዓሣውን በመልኩና በእንቅስቃሴው ብቻ የሚያታልለውን ዕቃ ማለታችን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ከጧት እስከ ማታ ወረወርን፣ ጎተትን። አንድ ዓሣ እንኳ አልያዝንም። ከእኛ ሃያ እርምጃ ርቀው በተገለበጠ ባልዲ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን፣ ቀለሟ በለቀቀ በአንዲት ትንሽ ማንኪያ ዓሣውን እየደጋገሙ ያወጡ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ዕድለኛ ናቸው» አልን። በሁለተኛው ቀን «ቦታቸው ጥሩ ነው» አልን። በሦስተኛው ቀን ግን ኩራታችንን ውጠን ቀርበን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም መልሰው፣ «ልጆቼ፣ ዓሣው በስንት ጫማ ጥልቀት ላይ እንዳለ ታውቃላችሁ?» አሉን። አናውቅም ነበር። እንደዚህ ያለ ጥያቄ መኖሩንም አላሰብንም ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው እንደ እኛ ገንዘባቸውንና ዕረፍታቸውን ለሚያባክኑ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክራፒ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

በዚህ በኬንታኪና በቴነሲ አካባቢ ሕዝቡ ለምግብ ከሚወዳቸው ዓሦች አንዱ ክራፒ ነው። የደቡብ ሰዎች «ክራፒ» ሲሉት፣ ብዙዎቹ የሰሜን ሰዎች «ክሮፒ» ይሉታል። በሉዊዚያና ደግሞ «ሳካሌ» ይባላል። ትርጓሜውም በፈረንሳይኛ የወተት ከረጢት ማለት ነው። የተፈጥሮ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን ሁለት ዓይነት አለው፤ ነጭ ክራፒና ጥቁር ክራፒ። ነጩ በጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ደብዛዛ መሥመሮች አሉት። ጥቁሩ ግን ነጠብጣቡ በመላ አካሉ የተበተነ ነው። ይህ ካልለየላችሁ በጀርባው ክንፍ ላይ ያሉትን እሾሆች ቍጠሩ፤ የነጩ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት፣ የጥቁሩ ሰባት ወይም ስምንት ናቸው።

በተለምዶ የሚያዘው ክራፒ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ ነው። በነጭ ክራፒ የተመዘገበው ትልቁ በ1957 በሚሲሲፒ ከኤኒድ ግድብ የተያዘው 2 ኪሎ ከ350 ግራም ገደማ የሚመዝን ነው። በጥቁሩ ደግሞ በ2018 በቴነሲ ከአንድ ኩሬ የተያዘ ወደ 2 ኪሎ ተኩል የሚጠጋ አለ። እንዲህ ያለው ግን ብርቅ ስለ ሆነ፣ ድስት ስትመርጡ በእርሱ ልክ አትምረጡ።

አሁን ለነገራችን ዋና ወደ ሆነው እንምጣ። የክራፒ ዓይኖች ትልልቅና በራሱ ላይ ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ የሚያድነውን የሚፈልገው ወደ ላይ እየተመለከተ ነው። ከእርሱ በላይ የምታልፍ ጥቃቅን ዓሣ ብትኖር ከሥር ተነሥቶ ይነጥቃታል። ከሥሩ የሚያልፈውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከነመኖሩም ልብ አይለውም። በሁለተኛ ደረጃ ክራፒ በመንጋ ይኖራል፤ መንጋውም ሁልጊዜ መሬት ላይ አይተኛም። ስምንት ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ በአራት ሜትር ላይ በአንድነት ተንሳፍፎ ሊቆም ይችላል። በሦስተኛ ደረጃ በውኃ የተዋጡ ዛፎችንና ጉቶዎችን ይወዳል።

እንግዲህ የእኛ ጥፋት ምን እንደ ነበረ ከዚህ ይገባችኋል። ማባበያችንን እስከ ታች ድረስ ሰድደን፣ መሬቱን ከነካ በኋላ በፍጥነት እንጎትት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ያጠመድነው ከዓሣው እግር በታች ነበር፤ እግር ቢኖረው ኖሮ።

ሐይቆቹም ለክራፒ እንዲመቹ ያደረጋቸው ምክንያት አለ። በሰሜን ምዕራብ ቴነሲ ያለው የሪልፉት ሐይቅ በ1811 እና በ1812 ከደረሱት ታላላቅ የመሬት መንቀጥቀጦች የተነሣ መሬቱ ዝቅ ብሎ የተፈጠረ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ ጉቶ የሞላበት ነው። የኬንታኪ ሐይቅ ግን በቴነሲ ወንዝ ላይ በተሠራውና በ1944 በተፈጸመው ግድብ የተገኘ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ውኃው የቀድሞውን ሸለቆ ከነቦዩና ከነጉቶው ስለ ሸፈነው ለክራፒ መጠለያ ሆኗል።

ማንኪያውና ሽክርክሪቱ

የብረት ማባበያዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ማንኪያ ይባላል። ስሙ የወጣለትም በእውነት ማንኪያ ስለሚመስል ነው። ጁሊዮ ቡዌል የተባለው አሜሪካዊ በልጅነቱ በቬርሞንት በሚገኘው በቦሞሲን ሐይቅ ላይ ሲበላ ማንኪያው ከእጁ አምልጦ ወደ ውኃ ገባ፤ ማንኪያው እያብረቀረቀ ሲሰምጥ አንድ ትልቅ ዓሣ ዘልሎ ነጠቀው ተብሎ ይተረካል። ታሪኩ ጥቂት ቅመም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ግን በ1852 ለማንኪያው የባለቤትነት መብት ማግኘቱ እርግጥ ነው። ሐሳቡ ግን ከእርሱ በፊትም ነበረ። የፓስፊክ ደሴቶች ሕዝቦች ከሚያብረቀርቅ ዛጎል ማባበያ ይሠሩ ነበር።

ማንኪያው አንድ ገጹ ጎድጓዳ፣ ሌላው ገጹ ጎባጣ ስለ ሆነ፣ ሲጎተት ውኃው በሁለቱ ገጾች ላይ እኩል አያልፍም። አንዱን ጎን ሲገፋው ወደ ሌላው ያጋድላል፤ ሲያጋድልም ውኃው መልሶ ይገፋዋል። በዚህም ምክንያት የቆሰለች ትንሽ ዓሣ እንደምትሄደው ግራና ቀኝ እያለ ይወላወላል። ከመጠን በላይ ቢፈጥን ግን መወላወሉን ትቶ ይሽከረከርና ክሩን ያጠማዝዛል። ከመጠን በላይ ቢዘገይ ደግሞ እንደ ተራ ብረት ይሰምጣል። ስለዚህ ከመወርወራችሁ በፊት እግራችሁ ሥር በጠራ ውኃ ውስጥ ጎትታችሁ በዓይናችሁ ተመልከቱት። የሚወላወልበትን ፍጥነት እጃችሁ ይልመደው።

ሁለተኛው ዓይነት በእንግሊዝኛ ስፒነር የሚባለው ነው፤ እኛ ሽክርክሪት እንበለው። በቀጭን ሽቦ ዙሪያ የምትዞር አንዲት የብረት ቅጠል አለችው። ሲጎተት ውኃው ቅጠሏን ያዞራታል፤ እርስዋም ብርሃን ትመልሳለች፤ ውኃውንም ታንቀጠቅጣለች። ዓሣ በጎኑ ላይ እንዲህ ያለውን መንቀጥቀጥ የሚሰማበት የስሜት መሥመር ስላለው፣ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ገና ሳያየው ያውቀዋል። በመላው ዓለም ከታወቁት ሽክርክሪቶች አንዱ የሆነው ሜፕስ በፈረንሳይ አገር በ1938 የተፈለሰፈ ነው። በ1951 በዊስኮንሲን አንድ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ነጋዴ በእርሱ ጥሩ ዓሣ ስለ ያዘበት ወደ አሜሪካ ያስመጣው ጀመር። በመጀመሪያም ከአንዲት ፈረንሳዊት ጋር በናይሎን የእግር ሹራብ ይለዋወጥ እንደ ነበር ይነገራል።

ሽክርክሪት ስትገዙ የቅጠሏን ቅርጽ ተመልከቱ። ክብ የሆነችው ከሽቦው ርቃ በሰፊው ትዞራለች። ውኃውን አብዝታ ስለምትገፋም ቀስ ተብላ ስትጎተት እንኳ አትቆምም። ረዥምና ሹል የሆነችው ግን ወደ ሽቦው ተጠግታ ስለምትዞር መፍጠን ትወዳለች። ክራፒ ትንሽና ዝግ ብሎ የሚሄድ ነገር ስለሚወድ፣ ክቧ ትሻለናለች። ክሩ እንዳይጠማዘዝ ከማባበያው ትንሽ ከፍ ብሎ ሁለት ቀለበት ያላትን የምትዞር መጋጠሚያ ማሰር ይጠቅማል።

ክብደቱስ? ለክራፒ ከ1 እስከ 3 ግራም ተኩል የሚመዝን ይበቃል። በጥልቅ ውኃ ላይ ከጀልባ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ማንኪያ ብቻ እስከ 7 ግራም ቢደርስ ይሻላል። እንዲህ ያለ ቀላል ዕቃ በወፍራም ክር አይወረወርም። ስለዚህ ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚሸከም ቀጭን የናይሎን ክርና የሚለመጥ ዘንግ ያስፈልጋል። እኛ የገዛናቸው አሥራ ሁለቱ ማባበያዎች አብዛኞቹ ለሌላ ትልልቅ ዓሣ የተሠሩ ነበሩ። የመረጥናቸውም በዓይናችን ስለ አማሩ ነው፤ ማለትም ማባበያው ከዓሣው በፊት እኛን አጠመደ።

ስለ ቀለም ብዙ ይባላል። አጥማጆች በጠራ ውኃና በፀሐይ ብርማውን፣ በደፈረሰ ውኃና በደመና ወርቅማውን ወይም መዳብማውን ይመርጣሉ። ይህ ጥሩ መነሻ ነው። ሆኖም ትክክለኛ ቀለም በተሳሳተ ጥልቀት ላይ ምንም አይሠራም።

ጥልቀትን ስለ መቍጠር

ሽማግሌው ያስተማሩን ዘዴ የእጅ ሰዓት ብቻ የሚጠይቅ ነው። በመጀመሪያ ከክራችሁ ላይ ሦስት ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። ከጀልባ መቆሚያው ላይ ሆናችሁ ማንኪያውን ወደ ውኃ ልቀቁትና ምልክቱ ውኃው ዘንድ እስኪደርስ ስንት ሰኮንድ እንደሚወስድ ቍጠሩ። የእኛ ማንኪያ ስድስት ሰኮንድ ወሰደ። ስለዚህ በአንድ ሰኮንድ ግማሽ ሜትር ይሰምጣል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወርውራችሁ፣ ማንኪያው ውኃውን ከመታበት ጊዜ ጀምሮ ትቈጥራላችሁ። ዓሣው በአራት ሜትር ላይ ካለ፣ ስምንት ሳይሞላ በሰባት መጎተት ትጀምራላችሁ፤ በዚያን ጊዜ ማንኪያው በሦስት ሜትር ተኩል ላይ፣ ማለት ከዓሣው በላይ ይሆናል።

ዓሣው በስንት ሜትር ላይ እንዳለ ካልታወቀስ? እዚህ ላይ ማኅበር ጠቀመን። አራት ሰዎች ስለ ሆንን ቍጥሩን ተከፋፈልነው። አንዱ እስከ ሦስት፣ ሁለተኛው እስከ አምስት፣ ሦስተኛው እስከ ሰባት፣ አራተኛው እስከ ዘጠኝ እየቈጠረ ይጎትት ጀመር። በአራተኛው ቀን ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አምስት የሚቈጥረው ጓደኛችን ጮኸ። ዘንጉ ጎብጦ ነበር። ሁላችንም ወደ አምስት ተዛወርን፤ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥም አሥራ አንድ ዓሣ አወጣን። ማንኪያዎቹ ያው የትናንቶቹ ነበሩ። የተለወጠው ቍጥሩ ብቻ ነው።

ወቅቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። በጸደይ የውኃው ሙቀት ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ክራፒ ለመራባት ወደ ዳር ይመጣል፤ ሁለት ሜትር በማይሞላ ውኃ ውስጥም ይገኛል። በዚያን ጊዜ ከዳር ሆኖ ትንሽ ሽክርክሪት መጎተት ይበቃል። በበጋ ወደ ጥልቁ ይመለሳል። ያን ጊዜ ከጀልባ ላይ ማንኪያውን ቀጥ አድርጎ ማውረድ፣ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ እንደ ገና መልቀቅ ይሻላል። ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ማንኪያው ሲወድቅ ስለ ሆነ፣ ክሩ በድንገት ቢላላ ተይዟል ማለት ነው። ከሰዓቶቹም ማለዳና አመሻሽ ይበልጣሉ። ውኃው ከ10 ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ ጊዜ ግን ዓሣው ስለሚደክም ብረት የሚያሳድድበት ኀይል የለውም። ያን ጊዜ በሕይወት ያለች ጥቃቅን ዓሣ በመንጠቆ ላይ ማድረግ ከማንኪያ ይበልጣል። ብረት ለሁሉ ጊዜ መድኃኒት ነው የሚላችሁ ሰው ብረት ሻጭ መሆን አለበት።

ከያዘ በኋላ

የክራፒ አፍ እንደ ወረቀት ስስ ስለ ሆነ፣ ዓሣው ሲይዝ ዘንጉን በኀይል መንጠቅ መንጠቆውን ከአፉ ቀድዶ ማውጣት ነው። እኛም በዚህ ስድስት ዓሣ አጥተናል። ክሩን ሳያላሉ ዝግ ብሎ ማጠንጠን፣ ውኃው ዳር ሲደርስም በክሩ አንጠልጥሎ ከማንሣት ከሥሩ መረብ ማግባት ይገባል። ሦስት ጫፍ ያለውን መንጠቆ አውልቆ በቀጭን ሽቦ በተሠራ ባለ አንድ ጫፍ መንጠቆ መተካትም ይጠቅማል። ቀጭኑ መንጠቆ ጉቶ ቢይዘው ሲሳብ ይቃናና ማንኪያው ይተርፋል። ሳይፈለግ የተያዘውንም ትንሽ ዓሣ ሳይጎዱ ለመልቀቅ ይመቻል።

ሕግና ልክ

ያለ ፈቃድ ማጥመድ በሕግ ያስቀጣል። ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። በአንዳንድ ስቴቶች የሙሉ ጊዜ ተማሪ እንደ ነዋሪ ተቈጥሮ በዝቅተኛ ዋጋ ስለሚያገኝ፣ ስትገዙ የተማሪነት ወረቀታችሁን ይዛችሁ ጠይቁ። በቀን ስንት ዓሣ መያዝ እንደሚቻል፣ ምን ያህል ከረዘመ እንደሚወሰድም ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ስለሚለያይ፣ ደንቡን በየዓመቱ ማንበብ ግዴታ ነው።

ከሕጉም ሌላ የራሳችን ኅሊና አለ። በጸደይ ወንዱ ክራፒ ጎጆውን ሠርቶ እንቍላሉን ይጠብቃል። እርሱ ሲነሣ እንቍላሉን ሌሎች ዓሦች ይበሉታል። እኛም በዚያች በመልካሟ ቀን ልክ አላወቅንም። ደንቡ የፈቀደልንን ያህል ሁሉ ይዘን ተመለስን፤ አራት ሰው በልቶ ሳይጨርስ በሳምንቱ መጨረሻ የተረፈውን ጣልነው። በሩዝ ብቻ ተሰላችተን የነበርን ሰዎች ዓሣ ስንጥል ማንም ቀልድ አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ የዕለቱን ቍጥር ወደ ሐይቁ ከመሄዳችን በፊት እንወስናለን።

አሠራሩን ለሚጠይቁን፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታችሁ በዱቄት፣ በጨውና በበርበሬ አሽታችሁ በዘይት ጥበሱት። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ስለ ሆነ ለዓሣ ዱለትም ይሆናል።

ወደ አገር ስንመለስ

አንድ ጓደኛችን ይህን ሁሉ ከተማረ በኋላ፣ «እነዚህን ማንኪያዎች ወደ ዝዋይና ወደ ሐዋሳ ብንወስዳቸው ስንቱን እናወጣ ነበር!» አለ። ሐሳቡ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን አይሆንም። በእነዚያ ሐይቆች በብዛት የሚበላው ቆሮሶ ዋና ምግቡ በዓይን የማይታዩ የውኃ ዕፀዋት ናቸው። ትንሽ ዓሣ የማያሳድድ ዓሣ ትንሽ ዓሣ የሚመስለውን ብረት ስለ ምን ያሳድዳል? በጣና ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ከሚኖሩት 15 የባርበስ ወገን ዓይነቶች መካከል 8ቱ በአብዛኛው ሌሎች ዓሦችን የሚበሉ ናቸው። ለእነርሱ ማንኪያ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። በየትኛው ጥልቀትና በየትኛው ወር እንደሚሠራ ግን ከቴነሲ ሽማግሌ ይልቅ በሐይቁ ላይ ያደገ የታንኳ ሰው ያውቃል። እርሱን መጠየቅ አለብን።

ከዚህ አገር መሣሪያ ይዘን ለመመለስ ሁላችንም እንቸኩላለን። ማንኪያ ግን ለአንድ ዓሣ፣ በአንድ ውኃ፣ በአንድ ወቅት የተሠራ መልስ ነው። ሽማግሌው የሰጡን ጥያቄ ግን ዓሣው የት ነው፣ ምን ይበላል፣ ወዴት ይመለከታል የሚለው ስለ ሆነ፣ በየትኛውም ሐይቅ ይሠራል። በሻንጣችን ውስጥ ለሁለቱም ቦታ ከሌለ ጥያቄውን እንያዝ።

ቅዳሜ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከመኝታ ቤቱ በር እንነሣለን። ለመምጣት የሚፈልግ ፈቃዱን፣ የእጅ ሰዓትና የዝናም ልብስ ይዞ ይምጣ። ከአሥራ ሁለቱ ማባበያዎች ዘጠኙ በሐይቁ ጉቶዎች ላይ ቀርተዋል። የተረፉት ሦስቱ በማኅበሩ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ስላሉ ማንም አባል በነፃ ሊዋሳቸው ይችላል።